የጡት ማስያዣ ቁጥርሽን በሜትር ለክተሽ የምታውቂበት መንገድ

መርካቶ ውስጥ ጡት ማስያዣ የሚሸጥ ልጅ ፊት ስትቆሚ ሜትር አያወጣም። ከላይ እስከ ታች አንዴ አየት ያደርግሽና «36 ትሆኛለሽ» ይላል። ልምድ ስላለው አንዳንዴ ይሳካለታል። ነገር ግን በሹራብና በነጠላ ላይ የሚደረግ ግምት የደረትሽን ስፋት ሳይሆን የለበስሽውን ልብስ ውፍረት ነው የሚገምተው። ቤት ደርሰሽ ስትለብሺው ማሰሪያው በጀርባሽ በኩል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ማንጠልጠያው ደግሞ ወይ ትከሻሽን ይቆርጠዋል ወይ እየተንሸራተተ ክንድሽ ላይ ይወድቃል። መልሰሽ ብትወስጂው የውስጥ ልብስ አይቀየርም።

ለክቶ ማወቅ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ጊዜም አይፈጅም። መጀመሪያ ግን ቁጥሩ ምን እንደሚል እንግባባ። 75ሲ ሲባል 75ቱ ከጡት ሥር ደረትን ለሚዞረው ማሰሪያ ነው። ሲ የተባለው ፊደል ደግሞ ጡቱ የሚገባበትን ክፍል፣ ማለትም የካፑን ጥልቀት ያመለክታል። ፊደሉ ብቻውን ምንም አይናገርም። «የእኔ ዲ ነው» የምትል ሴት ግማሹን ብቻ ነው የተናገረችው፤ የ65ዲ ካፕ ከ90ዲ ካፕ እጅግ ያንሳልና። ፊደሉ የሚነግርሽ ከጡት ሥር በተለካውና ከጡት ላይ በተለካው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሥራውም ሁለት ልክ ወስዶ አንዱን ከሌላው መቀነስ ብቻ ነው።

ከመለካትሽ በፊት

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ በአንድ ፊቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች የተጻፈበት ለስላሳው ማለቴ ነው። የአናጺ ብረት ሜትር ደረት ላይ አይተኛም። ብዙ ዓመት ያገለገለ ሜትር ስለሚለጠጥ የመጀመሪያዎቹን 30 ሴንቲ ሜትሮች ከተማሪ ማስመሪያ ጋር አነጻጽሪ። ሜትር ከሌለ ሲባጎ አዙረሽ፣ የተገናኘበትን በጣትሽ ይዘሽ፣ ከዚያ ዘርግተሽ በማስመሪያ ለኪው። የሹራብ ክር ግን አይሆንም፤ እየተለጠጠ ያሳስትሻል። በኢንች ሳይሆን በሴንቲ ሜትር ለኪ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከወገብ በላይ ልብስሽን አውልቀሽ መለካት ከሁሉ ይሻላል። ጡትሽ ከባድ ከሆነና ያለ ማስያዣ መቆም ካልተመቸሽ ስስና ስፖንጅ የሌለውን ልበሺ። ስፖንጅ ያለውን ለብሰሽ ከለካሽ የምታገኚው የስፖንጁን ልክ ነው።

ቀኑም ለውጥ ያመጣል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል የብዙ ሴቶች ጡት ይወጠራል፤ ስለዚህ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ለኪ። ክብደትሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲልም ልኩ ይለወጣል። በሁዳዴ መጨረሻ የተለካ ልክ ከፋሲካ በኋላ ለሚበላው ዶሮ ዋስትና አይሆንም።

አንደኛው ልክ፦ ከጡት ሥር

መስታወት ፊት ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ሜትሩን ከጡትሽ ሥር፣ ጡቱ ከደረት ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ፣ ጎድንሽን ይዞ እንዲዞር አድርጊ። ጡትሽ ሜትሩ ላይ የሚያርፍ ከሆነ በአንድ ክንድሽ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ከዚያ ወደ ጎን ዞረሽ መስታወቱን ተመልከቺ። ሜትሩ ከፊት ቦታውን ይዞ ከኋላ ወደ ወገብ ሊወርድብሽ ወይም ወደ ትከሻ ሊወጣብሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። ዙሪያውን ከወለሉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ብቻሽን ከሆንሽ ይህ ቦታ አስቸጋሪ ነው፤ እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ከኋላ ብታስተካክልልሽ ይቀላል።

አሁን በሳንባሽ ያለውን አየር አስወጪና እዚያው ላይ ቁጥሩን አንብቢ። ሜትሩ ጠበቅ ይበል፤ ቆዳውን ግን አያስምጥ። ላላ አድርጎ መለካት ለሰውነት ያዘንን ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የሰፋ ማሰሪያ ነው። ማስያዣው ከላስቲክ የተሠራ ስለሆነ የሚይዘው እየተለጠጠ ነው፤ ገና ሲገዛ ልል የሆነ ላስቲክ የሚይዘው ነገር የለም።

በዚህ ልክ ላይ ጊዜ መውሰዴ ያለ ምክንያት አይደለም። የጡትን ክብደት የሚሸከመው በዋናነት ማሰሪያው ነው፤ ማንጠልጠያው ካፑን ቦታው ላይ ከማቆየት ያለፈ ሥራ ሊኖረው አይገባም። ማሰሪያው ሲላላ ክብደቱ ወደ ፊት ይወርድና ጀርባውን ወደ ላይ ይስበዋል። ያን ጊዜ ሴቲቱ ማንጠልጠያውን ታሳጥራለች፤ ማንጠልጠያው ሲያጥር ጀርባው ይብስ ይወጣል፤ ክብደቱ ትከሻ ላይ ይወድቅና ቆዳው ላይ ቦይ ይሠራል፣ አንገትም ያማል። ብዙ ሴቶች ከሚገባቸው በላይ ሰፊ ማሰሪያና ከሚገባቸው ያነሰ ካፕ ነው የሚለብሱት። ካፑ ሲጠብባቸው ፊደሉን ከፍ በማድረግ ፈንታ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከ34 ወደ 36፣ ከ36 ወደ 38። ገበያውም ለዚህ ያመቻል፤ ብዙ ሱቅ ቢ እንጂ ሌላ ፊደል አይዝም።

ሁለተኛው ልክ፦ ከጡት ላይ

ሜትሩን ጡትሽ በጣም ጎልቶ በሚወጣበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጡት ጫፍ ላይ፣ አዙሪው። በዚህኛው ላይ ማጥበቅ የለም፤ ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ ጡቱን አይጫነው። ክንዶችሽን ዝቅ አድርጊ፣ እንደወትሮሽ ተንፍሺ፣ ደረትሽን አትንፊ። ከኋላ ያለውን አሁንም በመስታወት አረጋግጪ።

ልጆች ያጠባችና ጡቷ ወረድ ያለ ሴት ቆማ ብቻ ብትለካ ልኩ ያንስባታል፤ ጡቱ ወደ ታች ስለሚተኛ ሜትሩ ሙሉውን አያገኘውም። እንዲህ ከሆነ ወለል እንደሚወለውል ሰው ከወገብሽ ጎንበስ ብለሽ ሁለተኛ ጊዜ ለኪና የሁለቱን አማካይ ውሰጂ። ቆመሽ 92፣ ጎንበስ ብለሽ 96 ከሆነ 94 ብለሽ ጻፊ።

ሁለቱ ጡቶች እኩል ካልሆኑ አትደንግጪ፤ ፍጹም እኩል የሆነ ጡት ያላት ሴት ማግኘት ነው የሚከብደው። ማስያዣ የሚመረጠው በትልቁ ነው። ትንሹ በኩል የሚቀረውን ክፍተት ማንጠልጠያውን በማሳጠር ወይም ተነቃይ ስፖንጅ በመጨመር መሙላት ይቻላል። ቀድሞ ያልነበረ የመጠን ልዩነት በቅርቡ ከተፈጠረ ወይም ስትለኪ እጅሽ እብጠት ካገኘ ግን ጉዳዩ የማስያዣ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሒሳቡ

የአውሮፓ ልኬት ከሁሉ ይልቅ ቀጥተኛ ነው፤ በሴንቲ ሜትር ለኪ ያልኩትም ለዚህ ነው። ማሰሪያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከጡት ሥር የለካሽው ራሱ ነው፤ በ5 በ5 የሚሄድ ስለሆነ ቅርብ ወዳለው ታደርሽዋለሽ።

ከጡት ሥር ከ63 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር፦ 65
ከ68 እስከ 72፦ 70
ከ73 እስከ 77፦ 75
ከ78 እስከ 82፦ 80
ከ83 እስከ 87፦ 85
ከ88 እስከ 92፦ 90
ከ93 እስከ 97፦ 95

ቀጥሎ ከላይኛው ልክ ላይ የሥሩን ቀንሺ። ፊደሉ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ይለወጣል።

ልዩነቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፦ ኤኤ
ከ12 እስከ 14፦ ኤ
ከ14 እስከ 16፦ ቢ
ከ16 እስከ 18፦ ሲ
ከ18 እስከ 20፦ ዲ
ከ20 እስከ 22፦ ኢ
ከ22 እስከ 24፦ ኤፍ
ከ24 እስከ 26፦ ጂ

ከሥር 76፣ ከላይ 93 የሆነች ሴት እንውሰድ። 76 ወደ 75 ይጠጋል፤ 93 ሲቀነስ 76 እኩል 17 ነው፤ ቁጥሯ 75ሲ ነው። አሁን ደግሞ ደረቷ ሰፋ ያለ፣ ከሥር 88፣ ከላይ 101 የሆነች ሴት እንይ። ሰው ሲያያት ትልቅ ጡት አላት ይላል፤ ልዩነቱ ግን 13 ብቻ ስለሆነ 90ኤ ናት። ቀጭኗ ጎረቤቷ ከሥር 67፣ ከላይ 88 ብትሆን ልዩነቱ 21 ነው፤ 65ኢ ትለብሳለች። ሻጩ ግን ሁለቱንም በዓይኑ አይቶ ለመጀመሪያዋ ዲ፣ ለሁለተኛዋ ኤ ይሰጣቸው ነበር።

ልዩነቱ ድንበር ላይ ካረፈ፣ ለምሳሌ ልክ 16 ከሆነ፣ መጀመሪያ ትልቁን ፊደል ሞክሪ። ማሰሪያው በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቀ ግን፣ ለምሳሌ 77 ተኩል ከሆነ፣ በሥጋሽ ፍረጂ። ጎድኗ ላይ ሥጋ ያላት ሴት ትንሹን ቁጥር ትችለዋለች፤ አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ሴት ትልቁ ይመቻታል።

75 እንዴት 34 ሆነ

እኛ ሀገር በአፍ የለመድነው 32፣ 34፣ 36 ነው። ይህ የአሜሪካና የእንግሊዝ ልኬት ሲሆን ቁጥሩ በኢንች ነው ይባላል። ሜትርሽን ገልብጠሽ ብታይው ግን 75 ሴንቲ ሜትር 29 ኢንች ተኩል ነው። ታዲያ 34 ከየት መጣ?

ፊደሎቹ የመጡት ከአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ኤስ. ኤች. ካምፕ የተባለ ኩባንያ የጡትን መጠን ከኤ እስከ ዲ በፊደል ከፈለ፤ ዋርነርስ በ1937 በራሱ ምርቶች ላይ ተጠቀመበት። በቆየው የአሜሪካ አሠራር ማሰሪያው የሚገኘው ከጡት ሥር በተለካው ኢንች ላይ 4 ወይም 5 በመደመር ነው፤ ልኩ እንደ 30 ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ 4፣ እንደ 31 ጎዶሎ ከሆነ 5። 30 ኢንች የሆነች ሴት 4 ተደምሮላት 34 ትሆናለች። ስለዚህ 34 የሚለው ቁጥር በሰውነትሽ ላይ ከሥር የትም ቦታ ተለክቶ አይገኝም።

ነገሩን ያወሳሰበው ከጊዜ በኋላ በተለይ እንግሊዝ ውስጥ «ምንም አትደምሩ፤ 30 ኢንች ከሆነች 30 ትልበስ» የሚሉ ባለሙያዎች መነሣታቸው ነው። ክርክራቸው የዛሬ ላስቲክ በደንብ ስለሚለጠጥ መደመሩ ማሰሪያውን ያላላዋል የሚል ነው። በዚህ የተነሣ ከሥር 30 ኢንች፣ ከላይ 36 ተኩል የሆነች አንዲት ሴት በአንዱ የኢንተርኔት ማስያ 34ሲ፣ በሌላው የእንግሊዝ 30ኢ ወይም 30ኤፍ ትባላለች። ሁለቱ እንደሚመስሉት የሰማይና የምድር ያህል አይራራቁም፤ 30ኢ ከ34ሲ በካፑ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ዋናው ልዩነት የማሰሪያው ጥብቀት ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከአውሮፓው ሠንጠረዥ ጀምሪ፤ ለብሰሽ ስትፈትሺው ከላላ ወደ ታች ውረጂ። ከመጀመሪያው 30 ልፈልግ የምትል ሴት አዲስ አበባን ብታስስ የምታገኘው የልጆች ማስያዣ ነው።

በመለያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ

የአብዛኛው የቻይና ምርት መለያ 75 እና 34ን ጎን ለጎን ይጽፋል። ካልጻፈ እንዲህ ታመሳስያቸዋለሽ፦ 65 ከ30፣ 70 ከ32፣ 75 ከ34፣ 80 ከ36፣ 85 ከ38፣ 90 ከ40፣ 95 ከ42።

ከሰልባጅ ለምትገዛ ሴት ዋናው ወጥመድ የፈረንሳይ ቁጥር ነው። ፈረንሳይ፣ ስፔንና ቤልጂየም በአውሮፓው ቁጥር ላይ 15 ይደምራሉ፤ የእነሱ 90ቢ የሌላው 75ቢ ነው። ለራሷ 90 ፈልጋ ያገኘች መስሏት ይህን የምታነሣ ሴት መቆለፊያውን ማገናኘት እንኳ ያቅታታል። 90 የሚል አይተሽ በእጅሽ ስትይዢው ጠባብ መስሎ ከታየሽ መለያውን ደግመሽ አንብቢ። ጣሊያን 1፣ 2፣ 3 እያለች ትሄዳለች፤ 75 በእሷ 3፣ 80 ደግሞ 4 ነው። አውስትራሊያ እንደ ቀሚስ ቁጥር 10፣ 12፣ 14 ትላለች፤ 12 ማለት 34 ነው።

ፊደሉም ከዲ በኋላ ይለያያል። አውሮፓ ከዲ ቀጥሎ ኢ ይላል። እንግሊዝና አሜሪካ ከዲ ቀጥሎ ዲዲ ይላሉ፤ ስለዚህ የአውሮፓ ኢ የእነሱ ዲዲ፣ የአውሮፓ ኤፍ የእንግሊዝ ኢ ነው። እስከ ዲ ላለች ሴት ይህ ሁሉ ራስ ምታት አይደለም።

መለያው በእጥበት ብዛት ከጠፋ ሜትርሽን ይዘሽ ከሄድሽ መላ አለው። ማሰሪያውን ከመቆለፊያ እስከ መቆለፊያ በሜትሩ ላይ ዘርግተሽ እስኪቆም ድረስ ሳቢው። ሙሉ በሙሉ ተለጥጦ ከጡት ሥር ያለውን ልክሽን የማይደርስ ከሆነ አይቆለፍልሽም። በጣም አልፎ የሚሄድ ከሆነ ላስቲኩ ሞቷል ወይም ቁጥሩ የአንቺ አይደለም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚያልፈውን ያዢ።

ለብሶ መፈተሽ

ሜትሩ የሚሰጥሽ የመነሻ ቁጥር ነው። አንዱ ፋብሪካ ከሌላው ስለሚለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሰውነትሽ ነው። መሞከሪያ ክፍል በሌለበት ሱቅ ከሰውነትሽ ጋር የሚጣበቅ ስስ ካናቴራ ለብሰሽ ከሄድሽ በመጋረጃ ጥግ በላዩ ላይ ልትሞክሪው ትችያለሽ።

አዲስ ማስያዣ ሲሞከር የሚቆለፈው በመጨረሻው፣ በጣም ልል በሆነው የመቆለፊያ ረድፍ ነው። ሁለትና ሦስት ረድፍ የተሠራለት ላስቲኩ በአገልግሎት ሲላላ ወደ ውስጥ እየገባሽ እንድታጠብቂው ነው። ከመጀመሪያው ቀን በጠባቡ ረድፍ የሚቆለፍ ማስያዣ ከወራት በኋላ መሄጃ የለውም።

ከቆለፍሽ በኋላ ትንሽ ጎንበስ በይና ቀኝ እጅሽን በግራው ካፕ ውስጥ አስገብተሽ ከብብትሽ ሥር ያለውን የጡት ሥጋ ወደ ካፑ ሰብስቢው፤ በሌላውም በኩል እንዲሁ አድርጊ። ይህን ሳያደርጉ ማስያዣ መፈተሽ ከንቱ ነው። «ብብቴ ሥር ስብ አለብኝ» የሚሉ ሴቶች ብዙ ጊዜ ስብ ያሉት ካፕ ውስጥ መግባት የነበረበት ጡታቸው ነው። ሥጋው ከተሰበሰበ በኋላ ልኩ ነው ያልሽው ካፕ ሞልቶ ሲፈስስ ታያለሽ።

አሁን ተመልከቺ። ጀርባው ከፊቱ ጋር እኩል ነው ወይስ ወደ ላይ ወጥቷል? ከኋላ በማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል፤ መዳፍ ሙሉ ከገባ ሰፍቷል። በሁለቱ ካፖች መካከል ያለው ቁራጭ፣ በተለይ ሽቦ ካለው፣ ደረትሽ ላይ ይተኛ፤ በአየር ላይ ከቆመ ካፑ አንሷል ማለት ነው። ሽቦው ጡቱን ከብቦ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፤ ጫፉ የጡት ሥጋ የሚወጋ ከሆነ ፊደሉን ከፍ አድርጊ። በካፑ ጠርዝ ሥጋው ተጨፍልቆ ካናቴራሽ ላይ እንደ ሁለት ተጨማሪ ጡት ከታየም እንዲሁ። ካፑ ከላይ ከተጨማደደ ግን ፊደሉን ቀንሺ፤ ከመቀነስሽ በፊት ማንጠልጠያውን አሳጥረሽ እይው።

ሁለት ፈተና ጨምሪ። እጆችሽን ወደ ላይ ዘርጊ፤ ማሰሪያው ከቦታው ተነሥቶ ጡትሽ ላይ ከወጣ ሰፍቷል። ቀጥሎ ሁለቱንም ማንጠልጠያ ከትከሻሽ ላይ አውርጃቸው። ጥሩ ማሰሪያ ያለ ማንጠልጠያም ቦታው ላይ ይቆያል፤ ወዲያው ወደ ሆድሽ የሚወርድ ከሆነ እስካሁን ክብደቱን ሲሸከም የነበረው ትከሻሽ ነው።

ቁጥሩ ሲቀየር ፊደሉም ይቀየራል

ካፑ ልክ ሆኖ ማሰሪያው ከላላ ቁጥሩን ብቻ አንድ ዝቅ ማድረግ አይበቃም፤ ቁጥሩ ሲወርድ ካፑም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን አንድ ስታወርጂ ፊደሉን አንድ ታወጪያለሽ፦ ከ80ቢ ወደ 75ሲ። ማሰሪያው ከጠበበሽ ተቃራኒውን አድርጊ፦ ከ75ሲ ወደ 80ቢ። 32ዲ፣ 34ሲ እና 36ቢ የካፕ ይዞታቸው ተቀራራቢ ነው። ሱቁ ያንቺን ካልያዘ በዚህ መስመር አንድ ደረጃ መሄድ ይቻላል፤ ከሁለት ደረጃ በላይ ግን አትሂጂ፣ የሽቦውና የማንጠልጠያው ቦታ ይዛባል።

ካፑ ልክ የሆነ፣ ማሰሪያው ብቻ የሰፋ ማስያዣ በእጅሽ ካለ አትጣዪው። ሰፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ ከመቆለፊያው አጠገብ ቆርጦ ሊያጠብልሽ ይችላል። ለጠበበው ደግሞ ተጨማሪ መቆለፊያ ቁራጭ ይሸጣል።

ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለልጃገረድ

በእርግዝና ጊዜ የሚያድገው ጡቱ ብቻ አይደለም፤ ደረቱም ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትገዢውን በጠባቡ ረድፍ ቆልፈሽ ምረጪ፤ ሊሰፋ ነውና። የማጥቢያውን ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስትገዢ በልሉ ረድፍ ይሁን፤ ከወሊድ በኋላ ደረትሽ ተመልሶ ይጠባል። ካፑ ላይ ለወተቱ ቦታ ተዪለት። ወተቱ መጠኑን እስኪይዝ ድረስ ሽቦ ያለውን ባትለብሺ ይሻላል፤ የሚጫን ሽቦና የጠበበ ማስያዣ የወተት ቱቦ ሊዘጋና ጡትሽን ሊያቆስል ይችላል። ካጠባሽ በኋላ እንደገና ለኪ፤ የድሮው ቁጥርሽ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

ሽቦ ካነሣን አይቀር፣ ጡት ማስያዣ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ ሲዘዋወር ኖሯል። ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ባወጣው ጥናት በማስያዣና በጡት ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ለልጃገረድ የመጀመሪያዋን ስትገዢ እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም «ታድግበታለች» ብለሽ ከፍ አታድርጊ። ሽቦም ስፖንጅም የሌለው ለስላሳ ጥጥ ይበቃታል። ሜትሩን ለራሷ ስጫትና በሯን ዘግታ ትለካ፤ ቁጥሩን ከነገረችሽ ሌላውን አንቺ ታሰይዋለሽ።

ለምትሮጥ ሴት የሚሸጠው የስፖርት ማስያዣ ብዙ ጊዜ በፊደል ሳይሆን ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባለ ነው። እዚያም ከጡት ሥር ያለው ልክ ይምራሽ። ቦታው ላይ ሁለት ሦስቴ ዝለዪ፤ ጡትሽ ከደረትሽ ተለይቶ የሚዘልል ከሆነ አይሆንሽም።

ሐበሻ ቀሚስ የሚሰፋልሽ ባለሙያ «ደረትሽ 93 ነው» ሲልሽ ያ ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ጡት ማስያዣ በእሱ አይገዛም። ይልቅ ለልክ ስትሄጂ በቀሚሱ ሥር የምትለብሺውን ማስያዣ ለብሰሽ ሂጂ፤ ልል በሆነ አሮጌ የተለካ ቀሚስ በአዲሱ ማስያዣ ደረቱ ላይ ያጥርብሻል።

ላስቲኩ እንዲቆይ

አንዱን በተከታታይ ቀናት አትልበሺ፤ ላስቲኩ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ ይፈልጋል። መቆለፊያውን ዘግተሽ፣ ለብ ባለ ውኃ በእጅሽ እጠቢው፤ አትጠምዝዢው። እናቶቻችን በገመድ ላይ ከሌላ ልብስ ሥር ደብቀው ነበር የሚያሰጡት። ለይሉኝታ ያደረጉት ለላስቲኩም ጠቅሞታል፤ የቀትር ፀሐይ የሚያደርቀውን ያህል ሌላ ነገር አያደርቀውም። በጠባቡ ረድፍ ተቆልፎም ጀርባሽ ላይ የሚወጣ ማስያዣ ጊዜው አብቅቷል።

ከውጭ ለሚገዛልሽ

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለችው ዘመድሽ «ቁጥርሽን ላኪልኝ» ስትል «36» ብለሽ አትላኪ። የምትገባበት ሱቅ በየትኛው ልኬት እንደሚሸጥ አታውቂም። ሁለቱን የሰውነት ልክሽን በሴንቲ ሜትር፣ ካሰላሽው ቁጥር ጋር ላኪላት፤ ሻጮቹ ከዚያ ወደየራሳቸው ይቀይሩታል። ሽቦና ስፖንጅ ትፈልጊ አትፈልጊም ጨምሪበት። መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከጡት ሥር 78፣ ከላይ 95 ሴንቲ ሜትር። በአውሮፓ 80ሲ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ 36ሲ፣ በፈረንሳይ 95ሲ። 80ሲ ከጠፋ 75ዲ ይሁን፤ 85 ግን አትግዢልኝ። ሽቦ የሌለው፣ ስሱ፣ አንድ ጥቁር አንድ በቆዳዬ መልክ።»